ጣሊያን የደረሰኝ ቀን

በዚያ ጠረጴዛ ላይ ጣሊያን መሆን የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ዕጣው ያለበት ጣሳ ውስጥ እጃችንን ስንከት ሁላችንም በሆዳችን አርበኛ እንዲደርሰን እንሳል ነበር። ጣሊያን የደረሰው ተጫዋች ገና አንድ ወታደር ሳያንቀሳቅስ አዳራሹ ያጉረመርምበታል። ዳይስ ሲወረውር የሚያሟርቱበት አሉ። ቢያሸንፍ እንኳ የሚያጨበጭብለት አያገኝም። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ነገር ቶሎ ያናድደኛል፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያናድደኝ ነበር። ሰው ዕጣ ስለደረሰው ብቻ እንዴት ይጠላል እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር እከራከር ነበር።

ጨዋታውን ለሰፈሩ ያመጡት ሃምሳ አለቃ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ለሁላችንም ሃምሳ አለቃ ብቻ ነበሩ። ጌጃ ሰፈር ውስጥ በርና መስኮት የሚሠሩባት ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረቻቸው። አንድ እግራቸው አይታጠፍም። ምን ሆኖ ነው ተብለው ሲጠየቁ "ሰነፍ ነው" ብለው ያልፉታል። በንጉሡ ጊዜ ወታደር ሳሉ፣ መኮንኖች አሸዋ በሞላው ገበታ ላይ ውጊያ ሲያጠኑ አሸዋውን ተራራና ሸለቆ አድርገው የሚያስተካክሉት እሳቸው ነበሩ። ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምራቸው ከጥግ ቆመው እያዩ ተማሩት። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከትርፍ ጣውላ ትልቅ ጠረጴዛ ሠሩ፤ ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ አበጁለትና አሸዋ ሞሉት፤ ከዚያም የሰፈሩን ጎረምሳ መጥራት ጀመሩ።

ሠራዊቱ ከምናገኘው ነገር ሁሉ የተሠራ ነበር። እግረኛው የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ ውስጡ ሰም ይፈስበትና አንድ የክብሪት እንጨት ይቆምበታል። ፈረሰኛው ከእንጨት ቁራጭ ይጠረባል። መድፉ የእስክሪብቶ ክዳን ሲሆን የጣሊያን ብረት ለበስ መኪና ደግሞ ጥቁር የተቀባ የክብሪት ቀፎ ነበር። ርቀት የምንለካው ቋጠሮ ባለው ሲባጎ ነው። እግረኛ በአንድ ተራ አንድ ቋጠሮ ይሄዳል፣ ፈረሰኛ ሁለት፣ ብረት ለበስ ሦስት። ሁለት ጦር ሲገናኝ ዳይስ ይወረወራል፤ ዳገት ለያዘው አንድ ይጨመርለታል። ይሄን ማንም በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ከባዱ የሃምሳ አለቃ አንድ ሕግ ነበር፤ የሞተ ቆርኪ ከጠረጴዛ አይወርድም። ተገልብጦ በወደቀበት ይቆያል። ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ቆመው፣ የሁለቱንም ወገን ሙታን አብረው፣ አንድ በአንድ፣ በእጃቸው ያነሳሉ። በቁና እንደሚዛቅ እህል ጠራርጎ ያነሳ ሰው ለሁለት ሳምንት እዚያ ቤት ድርሽ አይልም።

ቀበሌው መጀመሪያ ላይ ጠርጥሮን ነበር። ጎረምሶች ተራራና መንገድ የተሠራበት ጠረጴዛ ከበው በሹክሹክታ ያወራሉ ሲባል ማን አይጠረጥርም? አብዮት ጥበቃዎች መጥተው አሸዋውን ሁሉ በጣታቸው ቆፈሩት። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ራሳቸው መጡ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ሲያዩ ቆዩና "እኔስ አልሞክርም?" አሉ። ሃምሳ አለቃ ጣሊያንን ሰጧቸው። በወሩ ጠረጴዛው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተዛወረ፤ ሐሳቡም ከሊቀመንበሩ የፈለቀ ነው ተባለ። ከዚያ ውድድር ታወጀ። ልደታ፣ አብነት፣ ጌጃ ሰፈርና ሰንጋ ተራ አካባቢ ካሉ ቀበሌዎች ስምንት ተጫዋቾች ይቀርባሉ፤ ውጊያው በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች በአንድ ሸለቆ ያደረጉት ውጊያ ይሆናል። አንደኛ የወጣ የወጣቶች አዳራሹ ኃላፊ ሆኖ በቀበሌው ይቀጠራል።

ይህ ሽልማት ምን ማለት እንደነበር ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ልንገረው። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ የሚካሄደው በቀበሌ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ቀበሌው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ደግሞ የራሱን ሠራተኛ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶ አያውቅም። ሰሜን የሄደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ፣ ይልቁንም እንዴት እንደማይመለስ፣ በየቤቱ ይታወቅ ነበር፤ ጮክ ብሎ ግን አይነገርም። ስለዚህ ለእኛ ያ ውድድር የጨዋታ ውድድር አልነበረም። ያሸነፈ እዚሁ ልደታ ይቀራል።

ጓደኛዬም እኔም ከስምንቱ ውስጥ ነበርን። የሱን ግቢና የኛን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አባቱ የሞቱት ገና በእቅፍ ሳለ ነው፤ እናቱ ጌጃ ሰፈር አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ ሱቅ ሳሙና፣ ጨው፣ ሻማና ክብሪት እየሸጡ አሳደጉት። እህትም ወንድምም የለውም። እኔን ደግሞ እሳቸው ግማሽ ያህል አሳድገውኛል ብል ዋሸ የሚለኝ የለም፤ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቴ በሽተኛ፣ እኛ አምስት ልጆች ነበርን፤ ምሳዬን ከቤቴ ይልቅ ከእሳቸው ቤት የበላሁበት ጊዜ ይበዛል። እማማ ነበር የምላቸው። ከጉራጌ አገር በሕፃንነታቸው ነው የመጡት፤ ሲናደዱ የሚናገሩትን ለማንም አይተረጉሙም።

ጨዋታችን እንደ ጠባያችን ነበር። እሱ ፊት ለፊት ይወዳል። ሠራዊቱን ሁሉ ይዞ ይወጣል፣ ሲሞትበት ይስቃል፣ ዳይሱን ከመወርወሩ በፊት እፍ ይልበታል፤ ሰው ሁሉ የሚደግፈው እሱን ነው። እኔ ስስታም ነኝ። የተሻለውን ጦሬን ከተራራ ኋላ ደብቄ፣ ሌላው ሲደክም እስካይ ድረስ እጠብቃለሁ። "አንተ ሰው አትመስልም፤ አራጣ አበዳሪ ነህ" ይለኝ ነበር። ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ግን አሸንፈዋለሁ። ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ እናቱም ያውቃሉ፣ ምክንያቱም ማታ ቤቱ ገብቶ እራት ላይ የሚያወራው ይሄንኑ ነው።

በውድድሩ ሁለተኛ ቀን የተፈጠረውን ሳልናገር ባልፍ ሃምሳ አለቃን መበደል ይሆንብኛል። የአብነቱ ተጫዋች ጣሊያን ደርሶት አርበኛውን ቁጭ ብድግ ሲያደርገው፣ ከቀበሌው ካድሬዎች አንዱ ተነስቶ ጨዋታው እንዲቆም አዘዘ። ታሪክ አይገለበጥም፣ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ አዳራሽ ውስጥ ፋሽስት አያሸንፍም አለ። ሃምሳ አለቃ እግራቸውን እየጎተቱ መጡና፣ "ጓድ፣ ጣሊያን ብዙ ቀን አሸንፎናል። ካላሸነፈ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርግ ቆየ? አባቶቻችን እየተሸነፉም ነው የተነሱት። ሽንፈቱን ብንሰርዘው የነሱን ድካም ነው የምንሰርዘው" አሉት። ካድሬው ተቀመጠ። እኔ በዚያ ቀን እግራቸውን ብስም ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያኮራኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ለመጨረሻው ግጥሚያ የቀረነው እኔና ጓደኛዬ ሆንን።

ግጥሚያው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዓርብ በምሳ ሰዓት እማማ አስጠሩኝ። ሱቅ ስደርስ ግማሽ በሯን ዘጉት፤ ገዢ እያለ በር ሲዘጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የሳሙና ካርቶን ላይ አስቀመጡኝና ራሳቸው ቆመው ቀሩ።

"ነገ ታሸንፈዋለህ አይደል?" አሉኝ።

"ዳይስ ነው እማማ፤ ማን ያውቃል።"

"አታድበስብስብኝ። እሱ ራሱ ነግሮኛል። 'ከሱ ጋር ከተገጣጠምኩ አለቀልኝ' ነው ያለኝ፤ እየሳቀ።" እጃቸው የሻማ እሽጉን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። "ልቀቅለት የኔ ልጅ። በልደታ ይዤሃለሁ። እኔ ከሱ ሌላ ምን አለኝ? እናንተ ቤት አምስት ናችሁ።"

ይህችን አባባል እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም። አምስት ናችሁ! አንዱ ቢጎድል አራት ትቀራላችሁ ማለት ነው እኮ። የምወዳቸው ሴትዮ፣ ያጎረሱኝ ሴትዮ፣ ልጃቸውን አንድ ሙሉ፣ እኔን ከአምስት አንድ አድርገው መዘኑን። እኔስ ነፍስ የለኝም ወይ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ሳያቸው ግን ሊንበረከኩ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ጉልበታቸው መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ያሳደጉኝ ሴት ሲንበረከኩልኝ ቆሞ የሚያይ አንጀት እኔ የለኝም። ክንዳቸውን ይዤ አነሳኋቸው።

"እሺ እማማ" አልኩ።

"እሱ እንዳይሰማ። ከሰማ አይጫወትም።"

"አይሰማም።"

ከዚያ ወጥቼ በሰንጋ ተራ በኩል እስከ ለገሃር ድረስ በእግሬ ሄድኩና ተመለስኩ። እሺ ያልኩት ወድጄ አልነበረም። ይሉኝታ ነው። የኛ ሰው እምቢ ማለት የሞት ያህል ይከብደዋል፣ እሺ ብሎ መሞት ግን ይቀለዋል። መንገድ ላይ አንዴ ቃሌን እጠብቃለሁ እላለሁ፣ አንዴ ደግሞ ለምን ብዬ እላለሁ። ቤት ስደርስ ገና አልወሰንኩም ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛ የመጡ እንግዶች የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከነሱ መካከል አንድ ሻምበል ነበር፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ጠረጴዛውን የሚያይ ቀጭን ሰው። ሃምሳ አለቃ ጣሳውን ይዘው መጡ። መጀመሪያ እኔ አወጣሁ። ጣሊያን።

አዳራሹ በደስታ ጮኸ፤ የሚወዱት ልጅ አርበኛ ሆነላቸው። እኔ ደግሞ፣ ልደብቀው አልችልም፣ ደስ አለኝ። ጣሊያን ሲሸነፍ ለምን ተሸነፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ውጊያው ቀላል ነበር። በሸለቆው መሐል መንገድ አለ፣ በመንገዱ ጫፍ ድልድይ። ጣሊያን በአሥራ ሁለት ተራ ውስጥ ድልድዩን ከተሻገረ ያሸንፋል፤ አርበኛ እስከዚያ ድረስ ድልድዩን ይዞ ከቆየ ድሉ የሱ ነው። እጫወታለሁ፣ እጄ ግን የለመደችውን ታደርጋለች። እግረኛዬን በመንገዱ ላይ አሰለፍኩ፣ መድፎቼን ከጀርባ አደረግኩ፣ አራቱን ብረት ለበሶች ከግራው ኮረብታ ኋላ አስቀመጥኩ። ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ሁሉንም ይዞ ወረደ። ፈረሰኞቹን በወንዙ ውስጥ አሳልፎ ጎኔን መታኝ፤ ይሄን ከዚያ በፊት አድርጎት አያውቅም፤ በውነቱ ግሩም ነበር። ሰው በጭብጨባ አበደ። ቆርኪዎቼ ተራ በተራ ይገለበጣሉ። በስምንተኛው ተራ ድልድዩ ላይ የነበረው ጦር በሙሉ የሱ ነው።

ግን የግራውን ኮረብታ ባዶ ትቶት ነበር።

በዘጠነኛው ተራ አየሁት። ከኮረብታው ኋላ እስከ ድልድዩ ጀርባ ያለውን ርቀት በዓይኔ ለካሁ፤ ከዚያም፣ ራሴን ሳላዝዘው፣ ሲባጎውን አንስቼ ዘረጋሁ። ሦስት ቋጠሮ። ልክ ሦስት። አራቱ የክብሪት ቀፎዎች በአንድ ተራ ከኋላው ይደርሳሉ፣ ማምለጫ የለውም፣ ድልድዩ የኔ ነው፣ ሥራው የኔ ነው፣ ልደታ የኔ ነው። ጓደኛዬ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይስቃል፤ አላየም። መሞት አልፈልግም ነበር። በዚያች ደቂቃ ስለ እማማም፣ ስለ ይሉኝታም፣ ስለ ምንም አላሰብኩም፤ መኖር ብቻ ፈለግኩ። ሲባጎው እጄ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም።

ከዚያ አጠፍኩት። በመንገዱ ላይ ከነበሩት ሁለት እግረኞችን አንድ አንድ ቋጠሮ ወደፊት ገፋሁ።

ዳኛው ሃምሳ አለቃ ነበሩ። "ጨረስክ?" አሉኝ።

"ጨረስኩ።"

የክብሪት ቀፎዎቹን አዩ፣ እኔንም አዩ። በአሥራ ሁለተኛው ተራ ሰዉ ጓደኛዬን በትከሻው ተሸክሞ አዳራሹን አዞረው።

ሲያወርዱት እንደ ሕጉ ሙታኑን ለማንሳት ጠረጴዛው አጠገብ ቆምን። የሱን ቆርኪ እኔ፣ የኔን እሱ፣ አንድ በአንድ። ፊቱ በላብ ርሷል። "ብረት ለበሶቹን ለማን ነው የቆጠብካቸው? ለልጅ ልጆችህ?" አለኝ እየሳቀ። ስቄ ቀጣዩን ቆርኪ አነሳሁ። እናቱ በመስኮቱ በኩል ቆመው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ያለቅሳሉ፤ በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝና አንገታቸውን ደፋ አደረጉልኝ።

ሻምበሉ ያኔ ነው ከወንበሩ የተነሳው። ጠረጴዛውን ዞሮ አየ፣ ጓደኛዬን ጠጋ አለና ፈረሰኞቹን ለምን በወንዙ ውስጥ እንዳሳለፋቸው ጠየቀው። ጓደኛዬ ደስታ አፉን ፈቶታል፤ በአሸዋው ላይ በጣቱ እያሰመረ አስረዳው። ሻምበሉ ሁለተኛ ጠየቀ፣ ሦስተኛ ጠየቀ፣ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። ከዚያ ለሊቀመንበሩ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ "እንዲህ ያለ ጭንቅላት አዳራሽ ሲጠብቅ አይውልም፤ አገር ትፈልገዋለች" አለ። ሊቀመንበሩ አጨበጨቡ። አዳራሹም ተከትሎ አጨበጨበ። ጓደኛዬ በኩራት ቀና ብሎ ቆሞ ነበር፤ ገና ምን እንደተባለ አልገባውም። እናቱ ግን ገብቷቸዋል፤ ወደ መስኮቱ ስዞር ቦታው ባዶ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።

በአሥራ አምስት ቀኑ ዝርዝሩ ሲለጠፍ መጀመሪያ የተጻፈው የሱ ስም ነው፤ ለመኮንንነት ኮርስ። ውድድሩን ባያሸንፍ ምናልባት ከዝርዝሩ መሐል ይገኝ ነበር፣ ምናልባትም አይገኝ ነበር፤ ይሄን ማንም አያውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። የአዳራሹ ኃላፊነት ክፍት ስለሆነ ሊቀመንበሩ ሁለተኛ የወጣው ይተካ አሉ። ሁለተኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። በሱ ሽልማት እኔ ተቀጠርኩ፤ በኔ ሽንፈት እሱ ዘመተ። እማማ ለልጃቸው ሲሉ ለምነው የጎረቤት ልጅ አተረፉ።

አልቀበልም ልል እችል ነበር። አላልኩም። ሥራውን ይዤ አምስት ዓመት ያህል አዳራሹን ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ። ጠረጴዛውን ሃምሳ አለቃ ወደ ሥራ ቤታቸው መልሰው ወሰዱት። ሊወስዱት ሲመጡ "ብረት ለበሶቹ ያን ቀን ነዳጅ አልቆባቸው ነው?" አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አላጫወቱበትም፤ ጣውላ ይቆርጡበት ነበር።

ጓደኛዬ ሲሄድ በደስታ ነው የሄደው፤ ይሄን ደጋግሜ ለራሴ እነግረዋለሁ። ከኮርሱ ወጥቶ ወደ ሰሜን ከተላከ በኋላ ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር። ስለ ውጊያው አይጽፍም፣ አይፈቀድም። የሚጽፈው ስለ ጨዋታው ነው። "እዚህ ኮረብታ ላይ ስቀመጥ አስባለሁ፤ በግራ በኩል ክፍት ነበርኩ አይደል? ያኔ አላየሁትም፣ አሁን ነው የታየኝ። አንተስ እንዴት ሳታየው ቀረህ?" ይለኛል። ሦስት ደብዳቤ ላይ ጠይቆኛል። ሁለቱን ዘለልኩት። በሦስተኛው ላይ "በሕዝቡ ጩኸት ደንግጬ ነው" ብዬ ጻፍኩለት። ለዚያ መልስ አልመጣም።

እማማና እኔ ስለዚያ ዓርብ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ምግብ መላካቸውን ግን አልተዉም። አንዳንድ ቀን የላኩትን ሳህን ፊቴ አድርጌ አንድ ጉርሻ መዋጥ ያቅተኝ ነበር፤ ሳህኑን ባዶ ካልመለስኩ ያዝናሉ፣ ስለዚህ እየታገልኩ እበላለሁ። እሳቸውም ሲያዩኝ ዓይናቸውን ቶሎ ይመልሳሉ። ይወዱኝ እንደነበር አውቃለሁ። በሕይወት መኖሬ ያማቸው እንደነበርም አውቃለሁ፤ አልፈረድኩባቸውም።

መንግሥት የተለወጠ ጊዜ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ እግሩ አብጦ ገባ። እማማ ሱቃቸውን ዘግተው ቀን ቀን መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ለሚያልፈው ሁሉ ውሃ ይሰጣሉ፣ ይጠይቃሉ። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ከሱ ጋር የነበረ አንድ ሰው ወደ ሃምሳ አለቃ ሥራ ቤት መጣ። ጓደኛዬ የሞተው የኔ መልስ ሳይደርሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሬሳ ሲጠበቅ ነበር ማለት ነው። ሁለት ቀን ምስጢር ይዘን ቆየንና በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል፣ እንደ ወጉ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የዕድር ሰዎች ተሰብስበን መርዶውን ነገርናቸው። ያን ጩኸት አልጽፈውም።

በሰልስቱ ቀን ከሰዓት ላይ ድንኳኑ ሳሳ ብሎ ነበር። እማማ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንዲት የጎረቤት ሴት በሌላው ጎናቸው አለች። እማማ እሷ መኖሯን ረሱ፣ ወይም ግድ አልሰጣቸውም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ" አሉኝ። "እኔ ያን ቀን ባልለምንህ ኖሮ፣ ልጄ ያሸንፍህ ነበር?"

ይሄን ጥያቄ ስንት ዓመት ስጠብቀው ነበር። መልሱንም በልቤ ብዙ ጊዜ አዘጋጅቼዋለሁ፤ እውነቱን ነበር ያዘጋጀሁት። ሲባጎው ሦስት ቋጠሮ ነበር እማማ፣ እጄ ላይ ነበር፣ እላቸዋለሁ ብዬ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ግን ምን እንደሚጠይቁኝ ገባኝ። የሚጠይቁኝ ልጃቸውን ወደ ሞት የላኩት እሳቸው መሆን አለመሆናቸውን ነው።

"ያሸንፈኝ ነበር እማማ" አልኳቸው። "ልለቅለት አስቤ ገባሁ፤ እሱ ግን ሳልለቅለት አሸነፈኝ። በወንዙ ውስጥ ከመጣብኝ በኋላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።"

ወደኔ ጠጋ አሉ።

"ውሸታም" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞሩ። "ሰማሽ? ልጄ በራሱ ነው ያሸነፈው። ማንም አልለቀቀለትም።" እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። "ተነስ። ለሰዉም ንገር።"

ተነሳሁ። በድንኳኑ መሐል ቆሜ፣ ለዕድር ሰዎች፣ ለሽማግሌዎች፣ ጓደኛዬ አርበኛ ሆኖ ያን ሸለቆ እንዴት እንደወረደ፣ ፈረሰኞቹን በወንዙ እንዴት እንዳሳለፈ፣ ድልድዩን እንዴት እንደያዘ፣ አዳራሹ እንዴት እንደጮኸለት አንድ በአንድ ተናገርኩ። በነገርኳቸው ውጊያ ከግራው ኮረብታ ኋላ ምንም አላስቀመጥኩም። ሃምሳ አለቃ ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ የማይታጠፈውን እግራቸውን ዘርግተው፣ "እንደዚያ ነበር፤ እኔ ዳኛው ነበርኩ" አሉ። ሲያልቅ ሴቶቹ አለቀሱ፣ እማማ ግን አላለቀሱም። በዚያ መሐል ከአብነት የመጡ ለቀስተኞች በድንኳኑ አፍ እየገቡ ነበር። ልቀመጥ ስል እማማ ኮቴን ያዙ።

"አትቀመጥ" አሉኝ። "አሁን የገቡት አልሰሙም፤ ንገራቸው።"

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።